ጥያቄ፦ ቁርስ በልቼ 4 ሰዓት ላይ የሚያንቀጠቅጠኝ ምንድን ነው?

ልብስ ሰፊዋ፦
ጤና ይስጥልኝ። ባህር ዳር፣ አባይ ማዶ ልብስ እሰፋለሁ። ዕድሜዬ 34 ነው፣ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ጠዋት ልጆቹን አሰናድቼ እስክሸኝ ለራሴ ፋታ የለኝም። ቁርሴን የምበላው ሱቅ ገብቼ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ከጎን ካለችው ሻይ ቤት ሁለት ብርጭቆ ሻይና አንድ ቦምቦሊኖ አስመጣለሁ። ሻዩ ላይ ሦስት ሦስት ማንኪያ ስኳር።

4 ሰዓት ሲሆን ጉድ ይፈላል። እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበኛል፣ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ያቅተኛል። ባለፈው ሳምንት የሰው ቀሚስ እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁ። ንዴቱ ደግሞ ለብቻው ነው፤ ደንበኛ ላይ ሳይቀር እጮኻለሁ። ጎረቤቴ «ቡና ጨምሪበት» አለችኝ። ጨመርኩ፤ ጨጓራዬን ላጠው። የሚገርመኝ፣ ረቡዕና ዓርብ እስከ 6 ሰዓት እጾማለሁ፣ ያን ቀን ግን እንዲህ አያደርገኝም። ምን ልብላ? ጠዋት ለማብሰል ከ10 ደቂቃ በላይ የለኝም።

ነርሷ፦
እህቴ፣ ፍንጩን ራስሽ መጨረሻ ላይ ጽፈሽዋል። በጾሙ ቀን ምንም ሳትበዪ ደህና ነሽ፤ በፍስኩ ቀን በልተሽ ትንቀጠቀጫለሽ። እንግዲህ ጥፋቱ የረሃብ ሳይሆን የቁርስሽ ይመስላል።

ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ወደ 24 ግራም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ50 ግራም አይለፍ፣ ከ25 በታች ቢሆን ደግሞ ይሻላል ይላል። አንቺ የቀኑን በሁለት ብርጭቆ ጨርሰሽዋል፤ ቦምቦሊኖው ገና አልተቆጠረም። ስኳርና ነጭ ዱቄት ቶሎ ደም ውስጥ ይገባሉ። ሰውነት ያንን ለማውረድ ኢንሱሊን ይለቃል። አንዳንድ ሰው ላይ ታዲያ ከልክ በላይ ያወርደዋል። መንቀጥቀጡ፣ ላቡና ንዴቱ ያኔ ይመጣል።

ግን በእኔ ግምት አትቀመጪ። ጤና ጣቢያ ሄደሽ የደም ስኳርሽንና የደም ማነስ ካለብሽ ተመርመሪ። የወር አበባሽ ብዙ ከሆነ በተለይ።

የደጋ ልጅ፦
10 ደቂቃ ለበሶ ብዙ ነው! እኛ ጮቄ ሥር ያደግን ልጆች ጭብጦ በኪሳችን ይዘን ነው ከብት የጠበቅነው። ገብሱ ተቆልቶ የተፈጨ ስለሆነ እሳት አይፈልግም። ክዳን ያለው ጠርሙስ ውስጥ መጀመሪያ ውኃውን አድርጊ፣ ከዚያ ሦስት የሾርባ ማንኪያ በሶና ቁንጥር ጨው። በሶውን ካስቀደምሽ ታች ተጣብቆ ይቀራል፣ በዱላም አይወጣ። እስኪያረፋ ነቅንቂው። ገብስ ውስጥ ያለው አሰር ሆድ ውስጥ እንደ ሙጫ ስለሚሆን ስኳሩ ቀስ እያለ ነው ደም ውስጥ የሚገባው። ስኳር እንዳትጨምሪበት ብቻ፣ እሱን ከጨመርሽማ ምኑን በሶ ሆነ።

ፔዳ ዶርም፦
በሶ ብቻውን አይበቃም። ማታ ሁለት እንቁላል ቀቅለሽ አሳድሪ፤ ወደ 12 ግራም ፕሮቲን ነው። እኔ ጂም ስጀምር ቁርሴን ወደ እንቁላልና ፉል ከቀየርኩ ወዲህ ክፍል ውስጥ ማንቀላፋት ትቻለሁ። ሌክቸረሩ ካላስተኛኝ በቀር።

እማማ፦
ልጄ፣ የማታ ሽሮ የለሽም? ሽንኩርት ቁሌት አድርጊ፣ ሽሮውን ጨምረሽ እንጀራ ፈርፍሪበት። አምስት ደቂቃ። ሽምብራ ነው፣ ያጠግባል። እንጀራሽ ዳጉሳ ካለበት ደግሞ እሰየው፤ ለአጥንት የሚሆነው ካልሲየም ከሌላው እህል ሁሉ ዳጉሳ ላይ ይበዛል። የዛሬ ሰው ዳጉሳ ሲባል አረቄ ብቻ ነው የሚታየው። ገንፎውን ለእሑድ አቆዪው፣ ገንፎ በጥድፊያ አይገነፋም።

የጣና ዳር፦
ሁላችሁም ዓሣን ረሳችሁት። ጣና አፍንጫችን ሥር ሆኖ ዓሣ ለምሳ ብቻ ያለው ማነው? ከማታ የተረፈ የቀረሶ ጎላሽ ጠዋት ሞቅ አድርጎ በእንጀራ ነው። (በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ እንዳታመጡብኝ፣ እኔ ስለ ፍስክ ነው ያወራሁት።)

ጤናዬ፦
በባዶ ሆድ የሎሚ ውኃ ጠጪ። ደም ያጠራል፣ ስኳርም ያወርዳል። ከዚያ እስከ ምሳ ምንም አትብዪ።

ነርሷ፦
ጤናዬ፣ አይከፋሽና ይሄ አይሆንም። ደምን የሚያጠሩት ኩላሊትና ጉበት ናቸው። ጨጓራዋ እየላጠ እንደሆነ ነግራናለች፤ በባዶ ሆድ ሎሚ ደግሞ ይብሱን ያቃጥላታል። ሎሚው ጥቅም የለውም ማለቴ አይደለም። ፍርፍሩ ላይ ጠብ ብታደርገው ከሽሮና ከእንጀራ የሚገኘው ብረት በደንብ ይመጠጣል። ዘይቱን ከተገኘ ደግሞ በቫይታሚን ሲ ብርቱካንን ያስከነዳል፤ ቅዳሜ ገበያ ሲመጣ ያዥ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሻይም ቡናም ብረትን ይይዙታል። ከምግብ ጋር ሳይሆን አንድ ሰዓት ያህል አራርቀሽ ጠጪ።

የደጋ ልጅ፦
ያለ ሻይ ቁርስ? እሱስ ከበደ።

ልብስ ሰፊዋ፦
ሦስት ሳምንት ጠፋሁባችሁ፣ ይቅርታ። ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር። የደም ስኳሬ ደህና ነው፤ ደሜ ግን ትንሽ ዝቅ ብሏል አሉኝና የብረት ኪኒን ሰጡኝ። ቁርሴ አሁን የሽሮ ፍርፍር ነው፣ ሲያስቸኩለኝ በሶና አንድ እንቁላል። የመጀመሪያ ቀን በሶውን አስቀድሜ ውኃውን ከላይ ሞላሁና የደጋው ልጅ እንዳለው ጠርሙሱን በማንኪያ ስፍቅ አረፈድኩ። ሻዩን ወደ 3 ሰዓት አዛወርኩት፣ ስኳሩም አንድ ማንኪያ ሆኗል። ሁለት ቀን አፌ እንጨት እንጨት አለኝ፣ ከዚያ ለመድኩት። መንቀጥቀጡ ጭራሽ ጠፋ ባልልም ከመጣ ሰንብቷል። ትናንት 4 ሰዓት ላይ ክሩን በአንዴ አስገባሁት፣ ያውም ጥቁር ክር በጥቁር ጨርቅ።

ዓርብ ዓርብ ግን አንድ ፈተና አለ። 6 ሰዓት ላይ የሻይ ቤቷ ልጅ ሳልጠራት ቦምቦሊኖ ይዛ ብቅ ትላለች። የጾም ነው ብላ።

ነርሷ፦
እሰይ! ኪኒኑ ሰገራ ያጠቁራል፣ እንዳትደነግጪ። ቶሎ ተሻለኝ ብለሽም እንዳታቋርጪው፣ የተባልሽውን ጊዜ ጨርሺ። ቦምቦሊኖዋን ለደጋው ልጅ ላኪለት።