ሎው ሌቨል ሌዘር ለአረጋውያን ጉልበት፦ በነጥብ ስንት ሰከንድ?

ፊዚዮ ባሕር ዳር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከ65 ዓመት በላይ ለሆኑ የጉልበት ኦስቲዮአርትራይተስ (የመገጣጠሚያ መበላት) ታካሚዎች የምንጠቀመው ሎው ሌቨል ሌዘር፣ ማለትም ሕመም ለማስታገስ የሚሰጥ ደካማ የሌዘር ብርሃን፣ ሞገዱ 808 ናኖሜትር፣ ኃይሉ 100 ሚሊዋት፣ ባለ አንድ ፕሮብ (ቆዳ ላይ የሚያርፍ ጫፍ) ነው። ጉልበቱ ላይ በየነጥቡ 10 ሰከንድ፣ በሳምንት 2 ቀን ይሰጣል፤ ለውጥ ግን የለም። ችግሩ መጠኑ ነው ወይስ ሌዘሩ ለዚህ ሕመም አይሠራም?

ብርሃን፦
መጠኑ ነው። ዋት በሰከንድ ሲባዛ ጁል (የተሰጠው የብርሃን መጠን) ይሆናል፤ 0.1 ዋት በ10 ሰከንድ 1 ጁል ብቻ ነው። በ2019 ቢኤምጄ ኦፕን በተባለ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው፣ በርካታ የጉልበት ሙከራዎችን አንድ ላይ የመረመረ ጥናት ሕመም ሲቀንስ ያየው ከ785 እስከ 860 ናኖሜትር ባለው ሞገድ በነጥብ ከ4 እስከ 8 ጁል ሲሰጥ ነው። በእናንተ መሣሪያ ከ40 እስከ 80 ሰከንድ ማለት ነው። 60 አድርጉት።

አሰጣጡም ይታይ። ጉልበቱ ትንሽ ይታጠፍ፤ ከጉልበቱ ሎሚ በታች በግራና በቀኝ የመገጣጠሚያው መስመር በጣት ይፈለግ፤ ነጥቦቹ በዚያ ላይ ይደርደሩ። ፕሮቡ ቀጥ ብሎ ቆዳውን ጫን ይበል። ካዘነበለ ወይም ከተነሣ ብርሃኑ ተንጸባርቆ ይባክናል። አረጋውያን ብዙ ጊዜ ቅባት ተቀብተው ስለሚመጡ አስቀድሞ ይጠረግ፤ የፕሮቡ መስታወትም እንዲሁ። በሳምንት 3 ቀን፣ ለ4 ሳምንት ሳይሞከር አይፈረድበት።

ዳዮድ፦
ይህ ቁጥር ለ904 ናኖሜትር አይሠራም፤ እዚያ በነጥብ ከ1 እስከ 3 ጁል ይበቃል። የ904 ብርሃን የሚወጣው በተቆራረጠ ምት ነው፤ ሻጮች «25 ዋት» የሚሉት የአንዷን ምት ጫፍ ነው። ምቷ 200 ናኖሰከንድ ከቆየችና በሰከንድ 5,000 ጊዜ ከመታች፣ አማካዩ 25 ሚሊዋት ነው። 2 ጁል ለማግኘት 80 ሰከንድ ይፈጃል። ብርሃኑን የሚያመነጨው ዳዮድ እያረጀ ስለሚደክምም የሚወጣው የብርሃን ኃይል በፓወር ሜትር (የኃይል መለኪያ) ይለካ፤ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ቁጥር የተሞላው እንጂ የሚወጣው አይደለም።

ፊዚዮ ባሕር ዳር፦
አመሰግናለሁ። በአንድ ነጥብ 20 ጁል ሰጥቶ ቀኑን ማሳጠርስ?

ብርሃን፦
አይሆንም። ሴል ለዚህ ብርሃን የሚሰጠው ምላሽ እስከ አንድ መጠን ድረስ ይጨምርና ከዚያ ይወርዳል። ሲበዛ ጥቅሙ ሊጠፋ ይችላል።

እማማ ካሰች፦
ስለ ደኅንነቱም ልጨምር። 808 ለዓይን ስለማይታይ የዓይን ቆብ ቶሎ አይከደንም፤ ለሞገዱ የተሠራ መነጽር ታካሚውም ባለሙያውም ያድርጉ። የካንሰር ዕጢ ባለበት ቦታ ላይ አይሰጥም። ስኳር ያለባቸው የእግራቸው ስሜት ከደነዘዘ ሙቀት ላይሰማቸው ይችላል፤ ጠቆር ያለ ቆዳ ደግሞ ብርሃኑን ይበልጥ ስለሚውጥ ቶሎ ይሞቃል። ከ500 ሚሊዋት በላይ በሆኑት መሣሪያዎች አንድ ቦታ ላይ ማቆም ያቃጥላል። የልብ ምት ማስተካከያ ያለባቸውን ብርሃኑ አይጎዳም፤ መሣሪያው ኤሌክትሪክም የሚሰጥ ከሆነ ግን ያኛው ክፍል ይዘጋ። ጉልበቱ በድንገት አብጦ ከቀላና ትኩሳት ካለ ወደ ሐኪም እንጂ ወደ ሌዘር አይኬድም።

ሌዘሩ ብቻውን ደግሞ ጭንን አያጠነክርም። ሕመሙ ቀለል ሲል ከወንበር ተነሥቶ መቀመጥ 10 ጊዜ፣ በ2 ዙር ይጀመር።