ከፍተኛ ፍርድ ቤት «የፍሬ ነገር ክርክር ነው» ብሎ የዘጋው የግብር ይግባኝ

ጠያቂ (ቡሬ)፦
ጤና ይስጥልኝ። ከወንድሞቼ ጋር ባቋቋምነው ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ጤፍና በቆሎ ከገበሬ እየገዛን እንሸጣለን። ገበሬ ደረሰኝ ስለማይሰጥ ግዢውን የሻጩን ስምና ፊርማ በያዘ ሰነድ ብንመዘግብም፣ የግብር ኦዲተሮች ወጪውን ባለመቀበላቸው በ30 በመቶ ምጣኔ ተጨማሪ የንግድ ትርፍ ግብር ከነመቀጫውና ከነወለዱ ተወሰነብን። የታክስ ይግባኝ ኮሚሽኑ ውሳኔውን አጸናው፤ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤትም ክርክሩ የፍሬ ነገር እንጂ የሕግ አይደለም በማለት ይግባኙን ዘጋው። ከዚህ በኋላ የሚቀር መንገድ ይኖር ይሆን?

መልስ (ደብረ ማርቆስ፣ ጠበቃ)፦
ወንድሜ፣ በፌዴራል ታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት ከኮሚሽኑ ወደ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የሚቀርበው ይግባኝ በሕግ ጥያቄ ላይ ብቻ የተወሰነ ስለሆነ፣ ሰነዱ ይታመናል ወይስ አይታመንም የሚለው ነጥብ ኮሚሽኑ ዘንድ ያበቃል። ይሁን እንጂ ሰነድን መዝኖ መጣልና ጭራሹን ሳይመረምሩ ማለፍ አንድ አይደሉም። የቀረበን ማስረጃ ሳይመለከቱ መወሰን በእኔ እምነት የሕግ ስህተት ነው። ስለዚህ የኮሚሽኑን ውሳኔ ሙሉ ግልባጭ አውጥታችሁ ስለ ግዢ ሰነዶቹ የተባለውን ፈልጉ። ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይግባኝ ለማለት አዋጁ የሚሰጠው ጊዜ 30 ቀን ነውና አትዘግዩ።

መልስ (ፍኖተ ሰላም፣ የሒሳብ ባለሙያ)፦
ፍርዱ ቢያሳዝንም ከአዋጁ የወጣ አይመስለኝም፤ የግብር ውሳኔው ስህተት መሆኑን የማስረዳት ሸክሙ የግብር ከፋዩ ነውና። ለወደፊቱ የሻጩ ስም ብቻ አይበቃም፤ ቀበሌው፣ የእህሉ ዓይነት፣ ኩንታሉና ዋጋው ተጽፎ ከመጋዘን ገቢ ሰነድና ከባንክ ወጪ ጋር መመሳከር አለበት። ኦዲተር የሚያምነው እርስ በርሱ የሚገናኝ ሰነድ ነው።

መልስ (ባሕር ዳር)፦
እኔን የሚያሳስበኝ ክፍያው ነው። በዚሁ አዋጅ ኮሚሽን ለመቅረብ አከራካሪው ታክስ 50 በመቶ፣ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ለመቅረብ ደግሞ 75 በመቶ መከፈል አለበት። ገንዘቡን በአዝመራ ወቅት ለእህል መግዣ የሚያውል ነጋዴ ይህን ከየት ያመጣል? በሕግ የተሰጠ የይግባኝ መብት አቅም ላለው ብቻ እንዳይሆን ሕግ አውጪው ሊያስብበት ይገባል።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ግልባጩን አነበብኩት፤ ኮሚሽኑ «ደረሰኝ አልቀረበም» ከማለት በቀር ስለ ግዢ ሰነዶቻችን አንድም ነገር አልጻፈም።

መልስ (ደብረ ማርቆስ፣ ጠበቃ)፦
እንግዲያው የይግባኛችሁ ነጥብ ይህ ይሁን። ስለ ገንዘቡ ልክና ስለ ሻጮቹ ማንነት መከራከሩን ትታችሁ፣ ማስረጃው ሳይመረመር መታለፉን ብቻ ለይታችሁ ጻፉ። ሰነዶቹ ለኮሚሽኑ መቅረባቸውን የሚያሳየውን የመዝገቡን ገጽም አያይዙ።