ጨጨብሳ በትንሽ ቅቤ፣ ሳይደርቅ?

ጥያቄ፦ ሰላም የጅማ ልጆች። 2 ኩባያ የስንዴ ዱቄት በግማሽ ኩባያ ንጥር ቅቤ ሲሠራ ጨጨብሳው ያምራል፤ ቅቤው ወደ 2 የሾርባ ማንኪያ ሲወርድ ግን ይደርቃል፣ በርበሬውም እንደ አቧራ ይቀራል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ እህቴ፣ ጥፋቱ የቂጣው ነው። ስስ ሆኖ ምጣድ ላይ ከቆየ እንደ ብስኩት ይሆንና የሰጡትን ቅቤ ሁሉ ይጠጣል። ውፍረቱ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ በመካከለኛ እሳት በየጎኑ 3 ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል። እንደወጣ በንጹሕ ፎጣ ጠቅልለሽ 5 ደቂቃ አቆዪው፣ በራሱ እንፋሎት ይለሰልሳል። ከዚያ በትኩሱ ቆራርሺው። ቅቤውን በለስላሳ እሳት አቅልጠሽ 1 የሻይ ማንኪያ በርበሬ ጨምሪ፤ ሳይጨስ ቶሎ 3 የሾርባ ማንኪያ ሙቅ ውሃ አድርጊበት። በርበሬ ካረረ ይመራል፣ ማር እንኳ አያድነውም! ቂጣውን አዋሕደሽ 2 ደቂቃ ክደኚው። ውሃው ከዚህ ካለፈ ይላቁጣል።

ጥያቄ፦ ዱቄቱ ያልተነፋ ከሆነስ?

መልስ፦ እንዲያውም ይሻላል። ፉርሽካው ውሃ ስለሚመጥ ሊጡን ላላ አድርገሽ 15 ደቂቃ አሳርፊው።

ሌላ መልስ፦ አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ከ100 ካሎሪ በላይ ነው፣ ግማሽ ኩባያ ደግሞ 8 ማንኪያ። ግን ማሩን እንደ ድሮው ካፈሰሱበት ቅቤ መቀነሱ ምን ዋጋ አለው? በእርጎ ይበላ።

ሌላ መልስ፦ ቅቤ ሲያንስ መዓዛውም ያንሳል። ሩብ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ኮረሪማ መጨረሻ ላይ ነስንሱበት፤ እሱ እንደሆነ እኛ አገር አይጠፋም።