ወደ ሐይቁ የሚወርደው የጋሪ መንገድ፦ የዕቅድ ውይይት

ቤት 11 (ጸሐፊ)፦ ረቂቅ 1 ይኸው። ከበሩ እስከ ሐይቁ ዳር 320 ሜትር፣ ስፋቱ 2 ሜትር ከ40። እናቶቻችንን ሐይቁ ጋ እንድታደርስ ባለ ባትሪዋ ጋሪ ከተገዛች 8 ወር ሆናት፣ እስካሁን ቻርጀር ላይ ናት። እናቶቻችን ሐይቁን የሚያዩት ከበረንዳ ነው። የተፈጥሮ መልክ ይኑረው ተብሎ በማህበራችን ጉባኤ ስለተወሰነ አስፋልት የሚል እንዳይነሳ። የእኔ ሐሳብ ሬድ አሽ ነው፣ ቀዩ የእሳተ ገሞራ ጠጠር። ቢሾፍቱ ቁጭ ብሎ ሌላ መፈለግ አይገባኝም። መዋጮው በቤት 18,000 ብር። ሰኞ ለኮሚቴ አስገባለሁ፣ እስከ እሁድ ተናገሩ።

ቤት 4 (ኢንጂነር)፦ ሬድ አሹ ጥሩ ነው፣ ብቻውን ግን አይሆንም። ቀዳዳው ብዙ ስለሆነ ውሃ ያሳልፋል። ቀላልም ስለሆነ ጎርፍ ይዞት ይሄዳል፣ ጎማ ሲመላለስበት ደግሞ ይደቃል። እኔ የማስበው እንዲህ ነው። ከታች 15 ሳንቲ ሬድ አሽ። ተጠቅጥቆ 115 ሜትር ኩብ ይመጣል፤ ሲጠቀጠቅ ስለሚቀንስ 9 ሲኖትራክ ያዙ። ከላይ 5 ሳንቲ 00 ጠጠር (ደቃቁ) ከነዱቄቱ፣ ውሃ እየጠጣ በሮለር። ግራና ቀኝ ጥቁር ድንጋይ ከመሬት እኩል ይቀበር፣ አለበለዚያ ጠርዙ በአንድ ክረምት ይበተናል። መሃሉ ከፍ፣ ጎኑ ዝቅ ይበል፣ በሜትር 2 ሳንቲ ይበቃል።

ሁለት ቦታ ላይ አትቀልዱ። ከበሩ እስከ ቤት 9 ያለው መረሬ አፈር ነው። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። እሱ ተቆፍሮ ይውጣ። ከቤት 20 በታች ያለው 60 ሜትር ቁልቁለት ላይ ደግሞ ልቅ ነገር አይቆምም። እዚያ ብቻ ኮብልስቶን።

ቤት 6፦ ኢንጂነር አሪፍ ነው። ነገ ሬድ አሹ የሚወጣበት ካባ ጋ ሄጄ ሦስት ጆንያ ናሙና አመጣለሁ። በሩ ጋ አፍስሰን እንየው።

ቤት 19፦ እኔ አልስማማም። ቀይ አቧራ ነው። እሁድ ነጠላ ለብሰን ቤተ ክርስቲያን የምንሄደው በዚያው መንገድ ነው። ነጠላ ከያዘ በበረኪና እንኳን አይለቅም።

ቤት 11 (ጸሐፊ)፦ እትዬ፣ ቤተ ክርስቲያኑ በበሩ በኩል ነው። ይሄ ወደ ሐይቁ ነው የሚወርደው።

ቤት 19፦ የእኔ ቤት የት ነው ያለው? ከበሩ በታች። ወደ በሩ በምን ልውጣ፣ በክንፍ?

ቤት 15፦ 😂 ነጠላውን በፌስታል ይዞ መውጣት ነው።

ቤት 19፦ ቀልድ አላወራሁም።

ቤት 4፦ ቀይ የሆነው ውስጡ ያለው ብረት ዝጎ ነው። ስለዚህ በረኪና አይሠራም፣ እንዲያውም ያባብሰዋል። ሎሚ ጨምቆ ፀሐይ ላይ ማስጣት ይሻላል። ለማንኛውም እኔ ያልኩት ላዩ 00 ጠጠር እንዲሆን ነው። ቀዩ አይታይም።

ቤት 19፦ ልብስ ማጠብ ልታስተምረኝ ነው? ጥለቱ ላይስ ሎሚ አፈስበታለሁ?

ቤት 8፦ የእትዬ ነገር እውነት አለው። እህቴ ጊቢ ሬድ አሽ ነው። ነጭ ካልሲ የሚባል ነገር ቀርቷል።

ቤት 4፦ የእህትሽ ጊቢ ላዩ ምን ለብሷል?

ቤት 8፦ ምንም።

ቤት 4፦ በቃ።

ቤት 27፦ እኔ የነጠላው አይደለም ያስጨነቀኝ። "የጋሪ መንገድ" የሚለው ነው። ፈረስ ጋሪ እንዳይገባ ስንት ዓመት ተጨቃጭቀን አሁን በገዛ እጃችን መንገድ ልንሠራለት ነው?

ቤት 11 (ጸሐፊ)፦ የባትሪ ጋሪዋን ማለቴ ነው፣ ግልጽ አይደለም እንዴ?

ቤት 27፦ ለአንተ ግልጽ ነው። ባለጋሪው እንግዳ ጭኖ መጥቶ ዘበኛውን "የጋሪ መንገድ አለ ተብዬ ነው" ሲለው ማን ይመልሰዋል? ፋንድያውንስ ማን ይጠርገዋል?

ቤት 11 (ጸሐፊ)፦ እሺ፣ ረቂቅ 2 ላይ "የአረጋውያን መንገድ" ብዬዋለሁ።

ቤት 2፦ አረጋዊ ማን ነው? እኔ በእግሬ ነው የምወርደው።

ቤት 11 (ጸሐፊ)፦ "የሐይቅ መንገድ"። ጨርሻለሁ።

ቤት 23 (ሜሪላንድ)፦ ሰላም፣ ሌሊት ስለሆነ ዘግይቼ ነው ያየሁት። እዚህ የጎልፍ ሜዳ የጋሪ መንገድ በብዛት አስፋልትና ኮንክሪት ነው። የተፈጥሮ መልክ ሲፈልጉ ኮንክሪቱ ሳይጠነክር ላዩን አጥበው ጠጠሩ እንዲታይ ያደርጋሉ። ቀለሙ ከአካባቢው ድንጋይ ጋር ይመሳሰላል። ሌላው ጠጠሩን በሬዚን ማያያዝ ነው። ውሃ ያሳልፋል፣ አቧራ የለውም። የእትዬ ነጠላም ይድናል። ዋጋ ልጠይቅ?

ቤት 2፦ በዶላር ጠይቅና በዶላር ክፈል።

ቤት 4፦ መረሬው ያብጣል ብያለሁ፣ ኮንክሪቱን ይሰነጥቀዋል። ሬዚኑም ሲላጥ ማን ይጠግነዋል? ኮብል ቢነሳ አንድ ልጅ በመዶሻ መልሶ ይተክለዋል።

ቤት 19፦ እንግዲያው ሁሉም ኮብል ይሁን። ንጹሕ ነው፣ ያምራል፣ ከድንጋይ በላይ ደግሞ ምን ተፈጥሮ አለ?

ቤት 11 (ጸሐፊ)፦ ፕሮፎርማው እጄ ላይ ነው። ሁሉም ኮብል ከሆነ የሬድ አሹ ሦስት እጥፍ ነው። በቤት 54,000።

ቤት 2፦ ለአንድ ነጠላ 54,000? ነጠላውን እኔ ልግዛላቸው!

ቤት 19፦ አንተ የሚገዛልኝ ሰው አይደለህም። በ2014 ፓምፑን "ርካሽ ነው" ብለህ ያስገዛኸን አንተ ነህ። ሁለት ወር በጀሪካን የቀዳሁት እኔ ነኝ። አሁን ስለ ርካሽ መንገድ አንተ አትመክረኝም።

ቤት 2፦ ፓምፑን ያቃጠለው መብራት ነው። ስንት ጊዜ ይነገር።

ቤት 19፦ የቤት 9 ፓምፕ በዚያው መብራት ይሠራል።

ቤት 2፦ እኔ ከዚህ ውይይት ወጥቻለሁ። መዋጮም የለም።

ቤት 15፦ ኮብል ላይ ባትሪ ጋሪዋ ምን እንደምትሆን ያሰበ አለ? ጎማዋ ትንሽ ናት። 320 ሜትር እየነቀነቀች እናቴን ሐይቁ ጋ ስታደርስ ወገቧ አብሯት ይደርሳል ወይ?

ቤት 4፦ ለዚህ ነው ቁልቁለቱ ላይ ብቻ ያልኩት። እዚያ ደግሞ ንዝረቱ ፍጥነት ያስቀንሳል። ከላይ የጻፍኩትን ያነበበ አለ?

ቤት 8፦ ኢንጂነር፣ ጥቁር ሬድ አሽ የለም?

ቤት 4፦ ጥቁሩም አለ። ካባው አንድ ጎኑ ቀይ ነው፣ አንድ ጎኑ ጥቁር።

ቤት 19፦ ጥቁሩ ነጭ ነጠላ ላይ አይታይም ልትሉኝ ነው?

ቤት 8፦ እሱስ ልክ ነዎት።

ቤት 11 (ጸሐፊ)፦ ቤት 6፣ ናሙናው የት ደረሰ? ዓይተን ብንነጋገር ይቀለን ነበር።

ቤት 11 (ጸሐፊ)፦ ቤት 6?

ቤት 15፦ ስልኩ ዝግ ነው። ጆንያውም አብሮ ጠፍቷል።

ቤት 2፦ ትናንት ተናድጄ ነው የጻፍኩት። እትዬ ይቅርታ። የፓምፑ ነገር ሁሌ ስለሚነሳብኝ ነው።

ቤት 19፦ ምንም አይደለም፣ እኔም በዛሁ። ግን ሬድ አሹን አልቀበልም።

ቤት 2፦ እንዲያው ለማስታረቅ ያህል፣ በሩ ጋ እግርና ጫማ መታጠቢያ ቧንቧ ብናቆምስ? ከሐይቁም የመጣ፣ ከቤቱም የወጣ ታጥቦ ይሄዳል።

ቤት 8፦ በጣም ጥሩ።

ቤት 27፦ ቧንቧ ከቆመ በሩ ፊት ጭቃ ይሆናል። መረሬ ነው ተብሏል። እዚያ ኮብል ይነጠፍ። መኪና የሚዞርበትን ጨምሮ 40 ሜትር ያህል ነው።

ቤት 15፦ እውነቱን ለመናገር እንግዳ የሚያየው በሩን ነው። ጎረቤት ማህበር በሩን አሳምሮ እኛ ጭቃ ላይ ቆመን "የተፈጥሮ መልክ" እንላለን።

ቤት 27፦ የዘበኛው ቤት ጣሪያም ያፈሳል። በአንድ ወጪ ይሠራ። ባለጋሪ የሚከለክለው እኮ እሱ ነው።

ቤት 23 (ሜሪላንድ)፦ እስማማለሁ። ግን ወደ ሐይቁ የሚወርደውስ?

ቤት 8፦ ከክረምት በኋላ። አሁን ሰኔ ደርሷል፣ ቢቆፈርም ጎርፍ ነው የሚሞላው።

ቤት 4፦ መረሬ የሚቆፈረው በበጋ ነው፣ እሱ ልክ ነው። ግን የበሩም ፊት መረሬ ነው። በሰኔ ኮብል ከተነጠፈበት በመስከረም እንደ እንጀራ ዓይን ነው የሚሆነው።

ቤት 27፦ ኢንጂነር ሁሌ ተቃውሞ ነው።

ቤት 4፦ እሺ።

ቤት 11 (ጸሐፊ)፦ ረቂቅ 3። አንደኛ፣ በሩ ፊት 40 ሜትር ኮብልስቶን ከነመዞሪያው። ሁለተኛ፣ መታጠቢያ ቧንቧ። ሦስተኛ፣ የዘበኛ ቤት ቆርቆሮ። የሐይቁ መንገድ ለሁለተኛ ምዕራፍ ተይዟል፤ የላዩ ዓይነት ናሙና ሲመጣ ይወሰናል። መዋጮው 22,000 ብር።

ቤት 15፦ ከ18 ወደ 22 ወጣ፣ መንገዱ ደግሞ ቀረ?

ቤት 11 (ጸሐፊ)፦ እናንተ ያላችሁትን ነው የጻፍኩት። የእኔ እናት ጋሪዋን ትናንት "ሞባይል ናት እንዴ፣ ሁሌ ቻርጅ ላይ" ስትል ሰምቻለሁ። የሚቃወም ካለ ዛሬ ይናገር።

ቤት 8፦ ተስማምቻለሁ።

ቤት 27፦ ተስማምቻለሁ።

ቤት 2፦ ተስማምቻለሁ።

ቤት 19፦ እኔም። አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። መታጠቢያው ውሃ የሚያገኘው ከየት ነው? ከዚያ ፓምፕ ከሆነ እኔ የለሁበትም።