ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሐኪም መቀስቀስ እንዴት ለመዳችሁት?

ጠያቂዋ፣ ሜሪላንድ፦
ሰላም ለዚህ ቤት፣ እንዴት ሰነበታችሁ? የነርስነት ፈቃድ ፈተናውን፣ ኤንክሌክስን፣ አልፌ የሕፃናት ክፍል ከገባሁ ሦስተኛ ወር ይዣለሁ። ቀን ቀን ከፕሪሴፕተሬ፣ ከምታሠለጥነኝ ነባር ነርስ፣ ጋር ስሠራ ቆይቼ ባለፈው ሳምንት ወደ ማታ ዞርኩ። ከምሽቱ 1 እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት። ቻርቱ 1900 እና 0700 ይላል፤ እኔ በልቤ አሁንም በሐበሻ ሰዓት ስለምቆጥር ከመጻፌ በፊት ሁለቴ አያለሁ።

በሁለተኛው ሌሊት የ7 ወር ሕፃን ደረሰኝ። ብሮንካዮላይትስ (የሳንባ ቀጫጭን የአየር ቧንቧዎች ሕመም)፣ ክብደቱ 8 ኪሎ። እኩለ ሌሊት ላይ ትንፋሹን ስቆጥር በደቂቃ 46 ነበር። 9 ሰዓት ላይ 64 ሆነ፤ ከጎድኑ ሥር ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ሞኒተሩ ላይ የደሙ ኦክስጅን 94 በመቶ ስለሚል «ትንሽ ልየው» አልኩ። እውነቱን ልናገርና የያዘኝ ቁጥሩ አልነበረም። ተረኛዋ ሐኪም ገና ጋደም ማለቷን አይቼ ነበር። ሦስት ጊዜ ስልኩ ጋ ሄጄ ተመለስኩ። ሃያ አምስት ደቂቃ ሙሉ! በመጨረሻ ፕሪሴፕተሬ ልጁን አየችውና ራሷ ደወለች። ሐኪሟ ወዲያው መጣች፣ ኦክስጅኑን በከፍተኛ ፍሰት አስጀመሩት፣ ልጁም ከአራት ቀን በኋላ እየሳቀ ቤቱ ገባ። ማንም አልተቆጣኝም፤ እሱ ነው የበለጠ ያንገበገበኝ።

እኛ ቤት አባቴ ከተኛ በእግር ጣት ነበር የሚኬደው። ይህን ነገር እንዴት ተላቀቃችሁት?

ከቨርጂንያ፣ 14 ዓመት በሕፃናት ክፍል፦
እህቴ፣ እንኳን ለዚህ አበቃሽ። አይዞሽ፣ አንቺ ጋ ብቻ አይደለም። እኔ የመጀመሪያውን ዓመት ለሐኪም ስደውል ከወንበሬ ተነስቼ ነበር የማወራው፤ የፈረቃው ኃላፊ፣ የቻርጅ ነርሷ፣ መሳቂያ ሆኜ ነበር።

ያ 94 እንዳያዘናጋሽ። ትልቅ ሰው ሲብስበት ያስታውቅበታል፤ ሕፃን ግን ትንፋሹንና የልብ ምቱን አፍጥኖ ለረጅም ጊዜ ይሸፍነዋል። የደም ግፊቱ የሚወርደው መጨረሻ ላይ ነው፤ እሱን ከጠበቅሽ ዘግይተሻል። ስለዚህ ትንፋሹን ሞኒተር ላይ አታንብቢ፣ ልብሱን ገልጠሽ ደረቱን እያየሽ አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሪ። የአፍንጫው ቀዳዳ ከተርገበገበ፣ ሲተነፍስ ካቃሰተ፣ ጡት ወይም ጡጦ እንቢ ካለ፣ ዳይፐሩ ደርቆ ካደረ ደውዪ። (ዳይፐሩን ትመዝኛለሽ አይደል? አንድ ግራም እንደ አንድ ሚሊ ሊትር ነው የሚያዘው።) ከሁሉም የምፈራው 64 ሲተነፍስ የነበረ ልጅ ፊቱ ሳይመለስ ድንገት 30 ሲሆን ነው። ተሻለው እንዳትዪ፣ ደክሞት ሊሆን ይችላል።

ስትደውዪ ደግሞ በሰላምታና በይቅርታ አትጀምሪ። «የ7 ወር ልጅ፣ 8 ኪሎ፣ እኩለ ሌሊት 46 ነበር፣ አሁን 64፣ ጎድኑ ይሰረጉዳል፣ መጥተሽ እንድታዪው እፈልጋለሁ።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እኛ ሐበሾች እንውጣታለን፣ ሐኪሟ ራሷ ትረዳዋለች ብለን። አትዋጪያት። ካልመጣች ራፒድ ሪስፖንስን፣ የሆስፒታሉን አስቸኳይ ቡድን፣ ጥሪ፤ የማንም ፈቃድ አያስፈልግሽም።

ከሚኒሶታ፣ የመተንፈሻ ቴራፒስት፦
እኛም እኮ ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብለን ነው የምናድረው፣ ጥሩን እንጂ! ሕፃን በአብዛኛው በአፍንጫው ነው የሚተነፍሰው፤ ንፍጡ ሲመጠጥለት አንዳንዴ ትንፋሹ ዐይንሽ እያየ ይወርዳል። ከመመገቡ በፊት አድርጊለት። ካልወረደ ግን ሐኪም መጥራቱ አይቀርም፣ ለዚያ ሰበብ እንዳይሆንሽ።

አንዲት እናት፣ ከሲያትል፦
ነርስ አይደለሁም፣ ግን ልጄን ይዤ አምስት ሌሊት አድሬአለሁ። ነርሷ ገብታ «ደህና ነው?» ስትለኝ «ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ፤ ልጁ ትኩሳት ላይ ሆኖ! እሷን ማስቸገር መሰለኝ። ከአዲስ አበባ የተላከልኝን የፓራሲታሞል ሽሮፕ ቤት ሰጥቼው እንደመጣሁም አልተናገርኩም። «አሴታሚኖፌን ሰጥተሽዋል?» ሲሉኝ አልሰጠሁም አልኩ፣ አንድ መድኃኒት መሆኑን በየት አውቄ። ኋላ በስልክ አስተርጓሚ አምጥተው ነው የወጣው። ስለዚህ እህቴ፣ እኛን ስትጠይቂ ስሙን ብቻ አትጥሪ፣ «ጠርሙሱን አሳዪኝ» በዪ።

ጠያቂዋ፦
እትዬ፣ ይሄን በጭራሽ አላሰብኩትም። ሽሮፑ ላይ ያለው መጠን ራሱ እዚህ ካለው ሊለይ ይችላል፤ እዚህ የልጆቹ 5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 160 ሚሊ ግራም ነው። የሐበሻ እናት ከመጣች እኔው ባስተረጉምስ?

ከቨርጂንያ፦
አጫውቻት፣ አረጋጊያት፣ ሻይ ትፈልግ እንደሆን ጠይቂያት። መድኃኒትና ፊርማ ላይ ሲደረስ ግን መሥሪያ ቤትሽ በአስተርጓሚነት ፈትኖ ካላጸደቀሽ ስልኩን አንሺ። ነርስም አስተርጓሚም ሆነሽ አንድ ቃል ብትዘልዪ ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ።

ከሜሪላንድ፣ የሌሊት ፈረቃ 6 ዓመት፦
ስለ እንቅልፍ ማንም አላነሳም። ጥቁር መጋረጃ ግዢ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት በኋላ ቡና ተዪ፣ ዐይንሽ ከከበደ መኪናውን አቁመሽ በሰው ሂጂ። እናትሽ አዲስ አበባ ካሉ ደግሞ ፈረቃሽን ንገሪያቸው። የኔ እናት ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ፣ ልክ እንቅልፍ ሲወስደኝ፣ «ምነው ድምፅህ ደከመ?» ብላ ትደውል ነበር።

ጠያቂዋ፣ ከሦስት ቀን በኋላ፦
ትናንት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ደወልኩ። የአንዲት የ3 ዓመት ልጅ ጉሉኮስ የገባበት እጅ አብጦ ቀዝቅዞ አገኘሁት፤ አቆምኩትና ስልኩን አነሳሁ። ዕድሜ፣ ክብደት፣ ያየሁት፣ የምፈልገው። ሐኪሙ «መጣሁ» ብሎ ዘጋው። «ይቅርታ» ማለቴ ግን አልቀረም፤ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነው ያልኩት።