አውቶማቲክ መኪናችን ዲ (ወደፊት መሄጃው) ላይ አልሄድ አለች፣ መንገድ ላይ ቆመናል፣ ቶሎ እርዱን!

የሸዋ ልጅ፦ እባካችሁ የምታውቁ ቶሎ መልሱልኝ። ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን እየሄድን ሸኖ ልንደርስ ስንል ቆመች። ሞተሩ ይሠራል። ዲ አስገብቼ ነዳጅ ስሰጣት ትጮኻለች እንጂ አትሄድም። አር (ወደኋላ መሄጃው) ላይ ትንሽ ትንሽ ትላለች። አንድ መካኒክ በስልክ «ካምቢዮው አልቆለታል፣ ሶማሌ ተራ ሌላ ግዙ» አለን። ያገለገለ ካምቢዮ ስንት ይሸጣል? ገፍተን ብናስነሣትስ? እናቴ ውስጥ ናት፣ ብርዱ ደግሞ አይቻልም።

አቦሉ፦ ወንድሜ፣ የምን መኪና? የስንት ሞዴል? ዘይት መቼ ተቀየረ? ይህን ሳትነግረን እኛ ጠንቋይ አይደለንም።

ፍሬን የለሽ፦ እኔ ጠንቋይ ነኝ። ቪትዝ ናት።

የሸዋ ልጅ፦ ቪትዝ ናት፣ 2007። ደግሞ ወንድም ሳልሆን እህት ነኝ። የካምቢዮ ዘይት ትናንት አስቀይረናል፣ ስለዚህ የዘይት ችግር አይደለም።

ጋሼ ማኑዋል፦ ይኸው ነው ሁልጊዜ የምለው። አውቶማቲክ ለአገራችን መንገድ አይሆንም። ሰው ፍሪሲዮን መርገጥ ሰነፈና ይህ ሁሉ መጣ። ዓባይ በረሃን የሚወርድ ሰው በሁለተኛ ማርሽ ሞተሩ እየያዘለት ይወርዳል እንጂ ዲ ላይ አድርጎ ፍሬን ሲያቃጥል አይውልም። እኔ ስንት ዓመት ስነዳ ካምቢዮዬ ተከፍቶ አያውቅም። ማርሽ በእጁ የሚያስገባ ሰው መኪናው ምን እንደምትል ይሰማል...

ፍሬን የለሽ፦ ጋሼ፣ ልጅቷ ብርድ ላይ ናት። ታሪኩን ደብረ ብርሃን ስትደርስ ይንገሯት።

ዳዊት የመገናኛው፦ የካምቢዮ ዘይቷን እዩ።

አቦሉ፦ መግፋት ያልሽውን ተዪው። ሞተሩ እየሠራ ምኑን ልታስነሺ ነው? ሞተሩ ቢጠፋም አውቶማቲክ በመግፋት አይነሣም።

ሰባት ቁጥር ቁልፍ፦ እህቴ፣ ትናንት ዘይት ተቀይሮ ዛሬ ካምቢዮው እምቢ ካለ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ያው የትናንቱ ዘይት ነው። ሞተሩን አጥፉ። ነዳጅ እየሰጣችሁ አትሞክሯት፣ በሞከራችሁ ቁጥር ውስጡን እየበላ ነው። ከዚያ የስልክ መብራት ያዙና በሾፌሩ በኩል ከፊት ጎማው አጠገብ ከሥር እዩ። ካምቢዮው በዚያ በኩል ነው። እርጥብ ነገር አለ? ቀጥሎ ኮፈን ሥር ወይም በሩ ጎን ላይ የሻንሲ ቁጥር ያለባትን ሳህን ፈልጉ። የካምቢዮው መለያ በኬ ከጀመረ ሲቪቲ (በማርሽ ፈንታ በቺንጋ የሚሠራ አውቶማቲክ) ነው፣ በዩ ከጀመረ ተራው አውቶማቲክ ነው። የዚያ ዘመን የጃፓን ቪትዝ ብዙዎቹ ሲቪቲ ናቸው። ያሪስ ተብላ ለዐረብ አገር የተሠራችው ግን አብዛኛውን ጊዜ ባለ 4 ማርሽ አውቶማቲክ ናት። የሞሉላችሁ ዘይት የትኛው እንደሆነም ጠይቁ።

ዳዊት የመገናኛው፦ አልኩ እኮ፣ የካምቢዮ ዘይቷን እዩ።

የሸዋ ልጅ፦ አየን። ማፍሰሻው ቡሎን ጋ ጠብ ጠብ ይላል፣ ከሥር ያለው ጠጠር ረጥቧል። ቀላ ያለ ነው። ሳህኑ ላይ ኬ 410 ይላል። ዘይት የቀየሩልን ሰዎች ጋ ደውለን «ለአውቶማቲክ ሁሉ ይሆናል» አሉን። አሁን አንድ ሊትር ገዝተን ብንጨምርስ?

ቻው ቻው፦ ሸኖ ገብታችሁ የሞተር ዘይት ግዙና ጨምሩበት። እኔ አይሱዙ ላይ ጨምሬ ቤቴ ገብቻለሁ።

ሰባት ቁጥር ቁልፍ፦ አይሱዙህ ማኑዋል ነው ወንድሜ! እባክህ ሰው መኪና አታስገድል። ሲቪቲ ውስጥ የብረት ቺንጋ በሁለት ፑሌጃ መካከል ተወጥሮ ነው የሚሠራው። ፑሌጃዎቹ ሲጠቡና ሲሰፉ ፍጥነቱ ይቀየራል። ቺንጋው እንዳይንሸራተት የሚይዘው የዘይቱ ግፊትና የዘይቱ ጠባይ ነው። የተራ አውቶማቲክ ዘይት ሲገባበት ቺንጋው ይንሸራተታል፣ ከዚያ ፑሌጃውን ይፍቀዋል። በቀለም ደግሞ አትፍረዱ፣ ሁለቱም ቀይ ሊሆኑ ይችላሉ። ጣሳው ላይ ሲቪቲ የሚል መኖር አለበት። የቶዮታው ቲሲ ወይም በኋላ የመጣው ኤፍኢ ይባላል፣ የትኛው ለእሷ እንደሆነ የመኪናዋ መጽሐፍ ላይ አለ።

እኔን ብትሰሙኝ ዛሬ አትንዷት። ካሮ አትሬዚ (የተበላሸ መኪና ጫኝ) ወይም አይሱዙ ጥሩና ጭናችሁ መልሷት። ገመድ አስራችሁ እንዳትጎትቱ! ሞተሩ ሲጠፋ የካምቢዮው ዘይት ፓምፕ አይዞርም፣ ጎማው ግን ውስጡን ያዞረዋል፣ ያለ ዘይት ማለት ነው። መጎተት ግድ ከሆነ የፊት ጎማዎቿ ከመሬት ተነሥተው ይሁን።

ፍሬን የለሽ፦ እናትሽን ግን ሚኒባስ አሳፍረሽ ላኪያቸው። ካምቢዮ ይጠገናል፣ የእናት ጉልበት አይጠገንም።

ሙሉጌታ ዲያግኖስ፦ እኔ አንድ ነገር ልቃወም። ካምቢዮ ለምን ትገዛለች? መካኒኩ በስልክ ሆኖ እንዴት አወቀ? አሮጌ ካምቢዮ ሎተሪ ነው፣ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደ፣ ማን ምን ዘይት እንደሞላበት ማንም አይነግርሽም። ዋጋ ከመጠየቅሽ በፊት ከካምቢዮው ሥር ያለውን ኮፓ (የዘይት መያዣውን) አስከፍቺ። ውስጡ ማግኔት አለ። ማግኔቱ ላይ እንደ ጭቃ የለሰለሰ ግራጫ ነገር ብቻ ካለ ተስፋ አለ፣ ያ የተለመደ ነው። በጣት የሚሰማ የብረት ስብርባሪ ካለ ያኔ ሶማሌ ተራ። ደህና ከሆነ ማፍሰሻው ላይ አዲስ ዋሸር ይግባ፣ ዘይቱም አንዴ ብቻ አይቀየር። በአንድ ማፍሰስ ሁሉም አይወጣም፣ ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኘው ኮንቨርተር ውስጥ ብዙ ይቀራል። ሞልታችሁ ለአጭር ጊዜ አሠርታችሁ ደግማችሁ አፍስሱ። መጠኑ የሚለካው መኪናዋ ደልዳላ መሬት ላይ ቆማ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ማርሹን በየቦታው አዳርሳችሁ ወደ ፒ (ማቆሚያው) ከመለሳችሁ በኋላ ነው። ዘይቱ ሲሞቅ ስለሚነፋ የመኪናዋ መጽሐፍ የሚለው ሙቀት ይጠበቅ።

ቻው ቻው፦ እሺ አይሱዙውን ተዉት፣ ግን ዘይት በየስንት ኪሎ ሜትር ነው የሚቀየረው? እኔን «ዕድሜ ልክ አይቀየርም» ብለውኛል።

ሙሉጌታ ዲያግኖስ፦ የካምቢዮው ዕድሜ ልክ ማለታቸው ነው። ብዙ ጋራዥ ከ40 እስከ 60 ሺህ ባለው ይቀይራል። የአዲስ አበባ መጨናነቅና የእንጦጦ ዳገት ሲጨመርበት እኔ 40ውን እመርጣለሁ።

ጋሼ ማኑዋል፦ ማኑዋል ቢሆን ይህ ሁሉ የለም።

አቦሉ፦ የሸዋ ልጅ፣ መኪናዋ ተጫነች? ማግኔቱስ ምን ነበረበት?

ኪያ የሰሚቱ፦ ይቅርታ በሰው ጥያቄ ገባሁ። የእኔ ኮሮላ ማኑዋል ናት። ሞተሩ ሲጠፋ ማርሽ ይገባል፣ ሲሠራ ግን እምቢ ይላል። አር ሳስገባማ ሰፈሩን የሚያስነሣ ድምፅ ነው። ይህም ካምቢዮ ነው?

ሰባት ቁጥር ቁልፍ፦ ፍሪሲዮኑ አይለቅም ማለት ነው፣ ካምቢዮህን አትንካ። ኮፈን ከፍተህ የፍሪሲዮን ዘይት ማጠራቀሚያውን እይ። ጎድሎ ከሆነ ሲሊንደሩ ያፈሳል። ፔዳሉን ቶሎ ቶሎ ደጋግመህ ረግጠህ ማርሹ ከገባልህ አየር ገብቶበታል፣ ማስተንፈስ ነው።

ጋሼ ማኑዋል፦ አየህ? ማኑዋል እንዲህ ቀላል ነው።

ፍሬን የለሽ፦ ጋሼ፣ ይሄኛው ማኑዋል ነው የተበላሸው።