ለጣራ ከፍታ ታንጀንት ነው ወይስ ሳይን?

ጠያቂ፦ ሰላም ናችሁ። አናጢ ነኝ። ትምህርት ያቆምኩት ከ8ኛ ክፍል ስለሆነ ቀስ ብላችሁ አስረዱኝ። የአክስቴን ሰርቪስ ቤት ቆርቆሮ ላለብስ ነው። ወርዱ 6 ሜትር ነው፣ ጣራው ከመሐል ወደ ግራና ቀኝ ይወርዳል። ተዳፋቱ 20 ዲግሪ ይሁን ተብሏል። መሐሉ ምን ያህል ከፍ ይበል? ልጄ «ታንጀንት ነው» ብላ በስልኳ ብትመታው 6.71 ሜትር አለን። ቤት ነው የምሠራው ወይስ የደወል ማማ?

መልስ 1፦ ጋሼ፣ ልጅዎ ልክ ናት። ስልኩ ራዲያን (ሌላ የማዕዘን መለኪያ) ላይ ስለሆነ ነው፤ ወደ ዲግሪ ይቀይሩት። የወርዱ ግማሽ 3 ሜትር ነው። እሱ ከማዕዘኑ አጠገብ ያለው ጎን ነው። ከፍታው ደግሞ ከማዕዘኑ ፊት ለፊት ያለው። የፊት ለፊቱ ለአጠገቡ ሲካፈል ታንጀንት ይባላል። የ20 ዲግሪ ታንጀንት 0.364 ነው፤ በ3 ሲባዛ 1.09 ሜትር።

መልስ 2፦ ተዳፋቱን ይዞ ለሚወርደው እንጨት ግን ኮሳይን ነው፤ የአጠገቡ ጎን ለዚህ ለተጋደመው ጎን ሲካፈል ማለት ነው። የ20 ዲግሪ ኮሳይን 0.94 ነው፤ 3ን ለ0.94 አካፍል፣ 3.19 ሜትር ይመጣል። ከግድግዳው ወጣ የሚለውን ጨምርበት እንጂ በልኩ እንዳትቆርጥ! እኔ አንዴ ለከፍታው 3ን በሳይን (የፊት ለፊቱ ጎን ለተጋደመው ሲካፈል) አባዝቼ 1.03 አገኘሁ። ልዩነቱ 6 ሳንቲም ብቻ ስለነበር ማንም አልነቃብኝም። 45 ዲግሪ ቢሆን ኖሮ 3 ሜትር መሆን ያለበት 2.12 ይሆን ነበር፤ ያኔ ጉድ ፈላ።

ጠያቂ፦ ቀየርነው፣ 1.09 አለ። ተባረኩ። ልጄ «ነግሬህ ነበር» እያለች ልታሳብደኝ ነው።